ሁለት መልክ ያለው ሕመምና የቤተሰብ ዓይን



በቋንቋችን «አበደ» የምትባለው ቃል አጭር ናት፤ ዳሩ ግን በውስጧ ብዙ ልዩ ልዩ ሕመም ተጠቅልሎባታል። ትኩሳት ያቃዠውም፣ ጫትና መጠጥ ያሳተውም፣ ኀዘን የሰበረውም፣ ድምፅ የሚያሳድደውም ሁሉ በዚህች በአንዲት ቃል ይጠራል። ስሙ አንድ ሲሆን መድኃኒቱም አንድ ይመስላል፤ ወይም ከነጭራሹ መድኃኒት የሌለው ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ወር ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ለመለየት አስቸጋሪ ስለ ሆነው፣ ሐኪሞች ስኪዞአፌክቲቭ ብለው ስለሚጠሩት ሕመም ልንነጋገር አስበናል። አስቸጋሪ ማለታችንም ሁለት መልክ ስላለው ነው። አንዱን መልክ ብቻ ያየ ሰው ሌላውን አያውቅም፤ ሁለቱንም በየጊዜው የሚያይ አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የምናውቀውን የአንድ ቤት ታሪክ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ስምና አገር ሳንጠቅስ እናስቀድም።

በዚያ ቤት መምህር ለመሆን የሚማር የ22 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ጠባዩም ዝምተኛ ነበረ። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን እንቅልፍ አጣ። ሌሊቱን ሁሉ በግቢው ውስጥ እየተንጐራደደ ሲያወራ ያድር ጀመር፤ ሳይተኛ አድሮም አይደክመውም ነበር። ትምህርት ቤት አሠራለሁ፣ ለወረዳው ሁሉ ውኃ አስገባለሁ እያለ ከሰው ገንዘብ ይበደር፣ ልብሱንም በመንገድ ላገኘው ሁሉ ይሰጥ ነበር። እናቱ ልጃቸው ቸር የሆነ መስሏቸው መጀመሪያ ደስ አላቸው። ጥቂት ቈይቶ ግን ራዲዮኑ ስሜን ይጠራል ማለት ጀመረ። ከልደት በኋላ ያ ሁሉ ግለት በረደ፤ በላ፣ ተኛ፣ ረጋ ብሎም ተናገረ። ቤተሰቡም ተመስገን አለ። ዳሩ ግን በጥምቀት ታቦቱን ሸኝቶ ሲመለስ ለእኅቱ ቀስ ብሎ፣ «የሚዘምሩት እኮ ስለ እኔ ነው» አላት። በፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረበትም። ከጥር ጊዮርጊስ በኋላ ደግሞ ጨለመበት፤ ከአልጋው አልነሣም አለ፣ እህል አስጠላው፣ ያም የሚሰማው ድምፅ ይሰድበው ጀመር።

ጐረቤቱ ሁሉ የመሰለውን ተናገረ። አንዱ መተት ነው አለ፤ ሌላው ዛር ነው አለ፤ ሦስተኛው ትምህርት በዝቶበት ነው አለ። እናቱም ሌሊት ብቻቸውን ሲሆኑ፣ «እኔ ምን በድዬ ይሆን?» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

የዚህን ቤት ነገር በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ሕመሙን እንወቀው።

ስሙን ያወጣው በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ጄኮብ ካሳኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ጽሑፍ የዘጠኝ ሕሙማንን ታሪክ ተናገረ። እነርሱም በወጣትነታቸው፣ ከሰው ጋር ተግባብተው በሰላም ሲኖሩ ድንገት የታመሙ ነበሩ፤ በሕመማቸውም የስሜት መናወጥና የአሳብ መዛባት ተቀላቅሎ ታየ። ከዚያ ወዲህ የሕመሙ ትርጓሜ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል።

ዛሬ ሐኪሞች እንደሚከተለው ይለዩታል። አንዳንዱ ሕመም በይበልጥ አሳብን ያዛባል፤ በዚህ ጊዜ ሰውየው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ማንም ሊያስለቅቀው የማይችል ከእውነት የራቀ እምነት ይይዛል፣ ንግግሩም መያዣ መጨበጫ ያጣል። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ሌላው ሕመም በይበልጥ ስሜትን ያናውጣል፤ ሰውን ወደ ጥልቅ ድባቴ ይጥለዋል፣ ወይም ከመጠን በላይ ያግለዋል፣ ወይም ሁለቱን ያፈራርቅበታል። መፈራረቁ ባይፖላር ይባላል። ስኪዞአፌክቲቭ ግን ሁለቱን ወገን በአንድ ሰው ላይ ያገናኛል። ከድባቴና ከግለት ሁለቱንም ወይም ግለትን የሚያሳይ አንድ ዓይነት አለ፤ ድባቴን ብቻ የሚያሳይ ሌላ ዓይነት አለ።

የመለያው ቍልፍ ያለው በጊዜ ላይ ነው። በባይፖላርም ሆነ በከባድ ድባቴ የታመመ ሰው ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ስሜቱ ሲረጋጋ ግን ድምፁም አብሮ ይሄዳል። በስኪዞአፌክቲቭ ሕመም ስሜቱ ረግቶ ሳለ ድምፁ ወይም የተሳሳተው እምነት ብቻውን ቢያንስ 2 ሳምንት የሚቈይበት ጊዜ ይገኛል። እንዲሁም የስሜቱ መናወጥ በጠቅላላው የሕመም ዘመን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዝ መሆን አለበት። እንግዲህ አስተውሉ፤ ይህን ቅደም ተከተል ሐኪሙ በአንድ ቀን ምርመራ ሊያየው አይችልም። ደም ተመርምሮ ወይም ራጅ ተነሥቶ የሚገኝ ነገርም አይደለም። ያየ ሰው ሊነግረው ይገባል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ዕድሜ ነው፤ በሕይወት ዘመናቸው ከ1,000 ሰው 3 ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል። መንሥኤውም አንድ ብቻ አይደለም፤ ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ የአንጎል አሠራርና የኑሮ መከራ ተደራርበው የሚያመጡት ነው። የእናት አስተዳደግ ያመጣው አይደለም፤ የወላጅ ኀጢአት ቅጣትም አድርጎ መቍጠር የታመመውን ሳይጠቅም ጤነኛውን መስበር ነው።

በቤት ውስጥ ምን ምን ይታያል? ከግለት ወገን፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ አለመድከም፣ ፋታ የሌለው ንግግር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ዕቅድ፣ ገንዘብ መበተን፣ በጥቂት ነገር መቈጣት። ከድባቴ ወገን፤ ከአልጋ አለመነሣት፣ እህል መጥላት፣ ከሚወዱት ሰው መሸሽ፣ እኔ ለምንም አልጠቅምም ማለት። ከአሳብ መዛባት ወገን፤ ብቻውን ሆኖ ለማይታይ ሰው መልስ መስጠት፣ ጐረቤት ሊመርዘኝ ነው ብሎ የቀረበለትን ምግብ መግፋት፣ የራዲዮና የመዝሙር ቃል ሁሉ ለእርሱ የተነገረ መምሰል፣ ገላን አለመታጠብና ልብስን መተው። የሚጸልይና የሚጾም ሰው፣ በጸሎቱ የሚያለቅስም ሰው ታመመ አንልም። የምንመረምረው ሰውየውን ከቀድሞ ጠባዩ ጋር አስተያይተን ነው፤ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ሥራውና ከሰው ጋር ያለው ፍቅር ከፈረሰበት፣ የሚሰማውም ድምፅ የሚያስፈራውና የሚያዝዘው ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሐኪሙም አስቀድሞ ወባን፣ የሚጥል በሽታን፣ ጫትንና ሌላ አደንዛዥ ነገርን፣ ለወለደች ሴትም የአራስነትን ወራት መርምሮ ይለያል፤ እነዚህም የሚመስል ነገር ሊያመጡ ይችላሉና።

አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። ልጁን መጀመሪያ ወደ ሕክምና የወሰዱት አጎቱ፣ ልጁ ድምፅ እንደሚሰማ ብቻ ተናገሩ፤ ስለ እንቅልፉና ስለ ተበተነው ገንዘብ ማውራት የቤትን ገመና መግለጥ መስሏቸው ነበርና። የተሰጠው መድኃኒትም ድምፁን ጥቂት አራቀው እንጂ ድባቴውን አላነሣለትም። በሌላ ጊዜ የወሰዱት እናቱ ደግሞ ስለ ኀዘኑ ብቻ ተናገሩ። በሦስተኛው ጊዜ እኅቱ አብራ ሄደች። ይህች ልጅ በትምህርት ቤት ደብተሯ የመጨረሻ ገጾች ላይ፣ ቀኑን እንደ እናቷ ልማድ በበዓላት እየቈጠረች፣ ያየችውን ሁሉ ጽፋ ነበር።

ሐኪሙም፣ «ድምፁ የሚሰማው በጣም ሲደሰት ነው፣ ወይስ ሲያዝን?» ብለው ጠየቁ።

እናትዮዋ፣ «ጌታዬ፣ ሁልጊዜም ነው» አሉ።

ልጅቱ ግን ደብተሯን ገልጣ፣ «ከልደት ማግስት እስከ ጥር ጊዮርጊስ ደኅና ነበረ፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ አይቈጣም፣ አያዝንም። ድምፁ ግን በየቀኑ ይሰማው ነበር» አለች። ሐኪሙ ቀኑን በጣታቸው ቈጠሩ፤ 24 ቀን ሆነ። ከዚያም ደብተሩን ተቀብለው ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡት። በዚያ ቀን ሕመሙ ስሙን አገኘ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የተናገሩት አጎትም እናትም አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው ግማሹን ነበር የተናገሩት። እንግዲህ ወደ ሐኪም ስንሄድ ያፈርንበትንም ነገር ይዘን እንሂድ።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት እንበል። አሳብ ለሚያዛባው ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ክሎርፕሮማዚን የሚባለው፣ በፓሪስ ከተማ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ስሜትን የሚያረጋጋው ሊቲየም ለግለት እንደሚጠቅም አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ዛሬ በሁለቱም ወገን ብዙ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ የስኪዞአፌክቲቭ ሕመምተኛም ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን በአንድነት ይታዘዝለታል። ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚያስቸግረው በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ። የመድኃኒቱ ሙሉ ጥቅም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ በሦስት ቀን ተስፋ አንቍረጥ። ሰውነት ማድረቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ማወፈር የመሳሰለ ጣጣም ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ለሐኪሙ ነግሮ ማስለወጥ ወይም ማስቀነስ እንጂ በገዛ እጅ ማቋረጥ አይገባም። ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት የታዘዘላት ሴት ደግሞ ፅንስን የሚጐዳ መሆኑን አውቃ፣ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር ልትማከር ይገባታል።

ጾምን ለሚያከብር ቤት በተለይ የምናስገነዝበው አንድ ነገር አለ። ሊቲየም በሰውነት ውስጥ የሚኖረው መጠን ከውኃና ከጨው ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ውኃ ሳይጠጣ ከዋለ፣ ወይም ተቅማጥና ብዙ ላብ ካደረቀው፣ መጠኑ በደም ውስጥ ይጨምርና መርዝ ይሆናል። እጅ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ፣ የአንደበት መተሳሰር ከታየ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾም ከመያዙ አስቀድሞ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ያማክር። ለሕሙማን ጾምን ማቅለል በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የታወቀ ነው።

በዚያ ቤት የደረሰውም ይህን የሚመስል ነው። ልጁ መድኃኒቱን እየወሰደ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾም አክስቱ መጥተው፣ ጠበልና ኪኒን አይስማሙም፣ ኪኒኑን ትቶ ጠበል ይግባ አሉ። በፍቅር የተናገሩት ነው። እርሱም መድኃኒቱን ተወ። በአራተኛው ሳምንት እኅቱ የእንቅልፉን ማጠር አይታ ደብተሯን ገለጠች፤ ከኅዳር ሚካኤል የጻፈችው ያው ነው። ለቤቱ ብትናገር፣ ሟርተኛ አትሁኚ ተባለች። ከአምስት ቀን በኋላ ልጁ ሌሊት ከቤት ወጥቶ፣ ሲነጋ በሩቅ መንገድ ላይ ባዶ እግሩን፣ እግሩም ደምቶ ተገኘ። ከዘመዶች አንዳንዶቹ በሰንሰለት እንዲታሰር ፈለጉ።

በዚያ ጊዜ የቤቱ የነፍስ አባት ደረሱ። ሰንሰለቱን አስቀሩ፤ ልጁንም ራሳቸው አጅበው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ሲሻለውም፣ «ልጄ፣ ጠበሉን እኔ ከለከልሁህን? ኪኒኑን በጠበሉ ዋጠው» አሉት። አክስቱንም ጠርተው በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ፣ ሐኪምንና ከምድር የሚገኘውን መድኃኒት የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን የሚናገረውን አነበቡላቸው። ይህ የአንድ ካህን አሳብ ብቻ አይደለም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ መክረዋል። ሰንሰለትም እጅን ያቈስላል እንጂ አሳብን አያቃናም።

አሁን እንግዲህ ከሕመምተኛው ጋር እንዴት እንኑር? ስለሚሰማው ድምፅ አንከራከረው፤ እኔም እሰማለሁ ብለንም አንዋሸው። «እኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ አያለሁ» ማለት ይበቃል። በልጆች ፊት መሣለቂያ አናድርገው። የእንቅልፉን ሰዓት እንጠብቅለት፤ የእንቅልፍ መጥፋት የሚመለስ ሕመም መልእክተኛ ነውና። ጫትና መጠጥ እንዲርቅ እንርዳው። ሥጋውንም አንርሳ፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለብዙ ዓመታት ሲታዩ፣ ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው የሞቱት ሊታከም በሚችል ተላላፊ በሽታ ነበር። ያሳላቸውን ሳል፣ ያተኰሳቸውን ትኩሳት የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደውን ነገር በግልጥ እንናገር። ይህ ሕመምና ስኪዞፍሬንያ ከያዛቸው ሰዎች ከ100 ውስጥ 5 ያህሉ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ድባቴ የያዘውን ሰው፣ «መሞት ታስባለህን?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መጠየቁም አሳቡን አይጨምርበትም፣ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። አዎን ካለ ብቻውን አንተወው፤ ገመድ፣ ስለት፣ የተባይ መርዝና የተከማቸ ኪኒን ከአጠገቡ አርቀን፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና እንውሰደው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው፤ ዛሬ ግን በክፍላተ ሀገሩም ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላላቸው፣ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጠይቆ መሄድ ይቻላል።

ሕመሙ የያዘው ሰው ከሥራና ከሰው ማኅበር ወጣ ማለትም አይደለም። በሙዚቃ ደራሲነቱ በዓለም የታወቀው አሜሪካዊው ብራያን ዊልሰን ይህ ሕመም እንዳለበት በግልጥ የተናገረ ሰው ነበር፤ ድምፅ ይሰማው የጀመረውም በሃያዎቹ ዕድሜው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረውን ትልቅ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት አቋረጠው። ያንኑ ሥራ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ፈጽሞ በለንደን ከተማ በሕዝብ ፊት አሰማው። ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ2025 በ82 ዓመቱ ነው።

የእኛም ወጣት ትምህርቱን ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ፈጸመ፤ አሁን ሕፃናትን ያስተምራል። ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሲደክመው አልፎ አልፎ ይመጣል። ይሁን እንጂ አሁን ያውቀዋል፤ በመጣም ጊዜ ለእኅቱ ይነግራታል። እርስዋ አግብታ ወደ ሌላ ሰፈር ስለ ሄደች ደብተሩን የሚጽፈው እርሱ ራሱ ነው። እናቱም ማንበብ ባይችሉ፣ በየወሩ ወደ ሐኪም ሲሄድ ደብተሩን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚይዙለት እርሳቸው ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጐረቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬ አንድ ደብተር ግዛ። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ስሜቱን፣ የሚሰማውንም ቀን ከነበዓሉ ጻፍ፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄድም ይዘኸው ሂድ። እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረቱን፣ ለአስታማሚዎችም ትዕግሥቱን ይስጥልን።